ደም ያለ ቦታው

በፓሪስ የሚገኘው ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ከመሆኑ በፊት የባሩድ መሥሪያ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሩዱ ወጥቶ ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሴቶች ገቡበት፤ አሮጊቶች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ አእምሯቸው የታወከ፣ እጅ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው። ስም ማትረፍ የሚመኝ ሐኪም በቀላሉ የሚመርጠው ቦታ አልነበረም። ዣን ማርቲን ሻርኮ በ1862 ኃላፊ ሆነው ሲገቡ ግን ሌላው ያላየውን አዩ። ሌላ መሄጃ የሌላቸው፣ ዓመት ከዓመት እየተከታተሉ ሊመረምሯቸው የሚችሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሻርኮ አሠራር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ሕመምተኛዋን በሕይወት ሳለች ይመረምራሉ። የትኛው ጡንቻ እንደሟሸሸ፣ የትኛው ቆዳ ሥር እንደሚርገበገብ፣ የትኛው እግር እንደ ደረቀ ይመዘግባሉ። ስትሞት ህብለ ሰረሰሯ ይወጣል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከዚያ የቁሙ መዝገብና የአስከሬኑ መዝገብ ጎን ለጎን ይነበባል። በዚህ መንገድ በ1869 ከባልደረባቸው ከአሊክስ ዦፍሯ ጋር ሆነው ጡንቻ እየሟሸሸባቸው በሞቱ ሕሙማን ህብለ ሰረሰር ውስጥ ጉዳቱ የት እንዳለ አሳዩ። በግራጫው ክፍል የፊት ጫፍ ላይ የሚገኙት ትላልቅ ነርቭ ሴሎች፣ ማለትም ጡንቻን የሚያዙት፣ ጠፍተው ነበር። በ1874 ሻርኮ ለበሽታው አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክለሮሲስ የሚል ስም ሰጡት፤ ዛሬ በአጭሩ ኤ ኤል ኤስ የምንለው ነው።

በሽታው አጀማመሩ ቀላል ይመስላል። ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ ወይም አንድ እግር ይጎተታል፣ ወይም ምላስ ይተሳሰራል። ሰውየው የነካውን ያውቃል፤ ሕመም፣ ሙቀት፣ ቅዝቃዜ ሁሉ ይሰማዋል፤ በአብዛኞቹ ዘንድ አእምሮም ንቁ እንደሆነ ይቆያል። ጡንቻው ግን ተራ በተራ ይከዳል። መጨረሻ ላይ ደረትን የሚያነሡት ጡንቻዎች ይደክሙና ትንፋሽ ያጥራል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሞት ያለው ጊዜ ለብዙዎቹ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው።

ሻርኮ በማይክሮስኮፕ ያዩት የነርቭ ሴል መጥፋቱን ነው። እነዚያ ሴሎች በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው በፀጉር ውፍረት እንኳ የማይመጠኑ የደም ስሮች ያልፉ ነበር፤ ያለ እነሱ አንድ ቀንም አይኖሩም። ይሁንና ነርቭ የሚፈልግ ዓይን የሚያየው ነርቭን ነው፤ የደም ስሩ ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ ሆኖ ቀረ። የሚገርመው፣ በሽታው ስም ከማግኘቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1873፣ ሌላ ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሩዤ፣ በቀጫጭን የደም ስሮች ላይ ከውጭ ተጠምጥመው የሚቀመጡ ሴሎችን ገልጸው ጽፈዋል። በኋላ ፔሪሳይት ተባሉ። ሩዤና ሻርኮ የአንድ አገርና የአንድ ዘመን ሰዎች ነበሩ፤ ግኝቶቻቸው እስኪገናኙ ግን 140 ዓመት አለፈ።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛ ክር መነሻው በርሊን ነው። ፓውል ኤርሊኽ ቀለም የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ለጨርቅ የሚመረቱትን አዳዲስ ማቅለሚያዎች በእንስሳት ደም ውስጥ እየወጉ የትኛው አካል የትኛውን ቀለም እንደሚቀበል ያጠኑ ነበር። በ1885 ባሳተሙት ሥራ አንድ እንግዳ ነገር መዘገቡ። ቀለሙ በጉበት፣ በኩላሊት፣ በጡንቻ፣ በሁሉም ቦታ ሲገባ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ሳይቀልሙ ይቀራሉ። ኤርሊኽ ምክንያቱ አንጎል ያንን ቀለም መያዝ ስለማይወድ ነው አሉ። እኚህ ሰው በኋላ ኖቤል ያገኙ ታላቅ ሳይንቲስት ናቸው፤ በዚህኛው ግን ተሳስተዋል።

ስሕተቱን ያረመው የገዛ ተማሪያቸው ኤድዊን ጎልድማን ነው። ጎልድማን ትሪፓን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም መጀመሪያ በደም ስር ወጋ፤ እንስሳው ከአንጎሉ በቀር ሁለመናው ሰማያዊ ሆነ። ቀጥሎ፣ በ1913 ባሳተመው ሙከራ፣ ያንኑ ቀለም በደም ስር መስጠቱን ትቶ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥ ጨመረው። አሁን አንጎሉና ህብለ ሰረሰሩ ሰማያዊ ሆኑ፤ የቀረው አካል ግን እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ አንጎል ቀለሙን አልጠላውም ማለት ነው፤ በደምና በአንጎል መካከል ማለፍን የሚከለክል አንድ ነገር አለ። ሌላ ተመራማሪ፣ ማክስ ሌቫንዶቭስኪም፣ በ1900 በሌላ ኬሚካል ተመሳሳይ ነገር አሳይተው ነበር። አጥር እንዳለ ታወቀ፤ አጥሩ ከምን እንደተሠራና የት እንደቆመ ግን ማንም አላየም።

እዚህ ላይ ከሩጫው ቆም ብሎ ስለ ሊና ስተርን ማውራት ያስፈልጋል፤ የአጥሩ ታሪክ ያለ እሷ አይሟላምና። በ1878 በዛሬዋ ላትቪያና ሊትዌኒያ አካባቢ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በጄኔቫ ተምራ በ1918 በዚያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1921 ከባልደረባዋ ጋር ስለዚህ ከልካይ ነገር ጽፋ በፈረንሳይኛ ስም አወጣችለት። ለእሷ አጥሩ ዝም ብሎ የሚከለክል አልነበረም፤ የሚጠቅመውን እየመረጠ የሚያሳልፍ፣ ለነርቭ ሴሎች የሚመች የተረጋጋ አካባቢ የሚጠብቅ ሕያው ነገር ነው። ዛሬ ስናነበው ሊቃውንቱ ሁሉ የሚስማሙበት አሳብ ነው፤ ያኔ ግን ብዙዎች አጥር መኖሩንም ይጠራጠሩ ነበር።

በ1925 ጄኔቫን ትታ ሞስኮ ገባች። በ1939 የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1943 የስታሊንን ሽልማት ተቀበለች። ከጦርነቱ በኋላ በነቀርሳ ማጅራት ገትር ወደሚሞቱ ሕፃናት ፊቷን አዞረች። ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው መድኃኒት ገና አዲስና እንደ ወርቅ የሚታደን ነበር፤ በጡንቻ ሲወጋ አጥሩን እንደልብ አያልፍም። ስተርን መድኃኒቱን በቀጥታ በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ሰጠች። ሞት የተፈረደባቸው ሕፃናት ዳኑ። አጥሩን በላቦራቶሪ ያጠናች ሴት አጥሩን በመርፌ ዞራ አለፈችው።

ሽልማቱም ሕፃናቱም አላዳኗትም። በጥር 1949 የአይሁድ ፀረ ፋሺስት ኮሚቴ አባል በመሆኗ ታሰረች፤ ዕድሜዋ ከ70 አልፎ ነበር። በ1952 ከኮሚቴው ጋር በተያያዘ በዝግ ችሎት ከቀረቡት 15 ሰዎች መካከል 13ቱ ነሐሴ 12 ቀን በጥይት ተገደሉ፤ አንዱ እስር ቤት ሞተ። ስተርን ብቻ በሕይወት ተርፋ ወደ ካዛክስታን ተጋዘች። ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1953 ሞስኮ ተመልሳ እስከ ሞተችበት እስከ 1968 ስለ አጥሩ መሥራቷን ቀጠለች።

እሷ ሞስኮ አካዳሚ በገባችበት ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኤ ኤል ኤስ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ። የኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ተጫዋች ሉ ጌሪግ 2,130 ጨዋታ ያለማቋረጥ ተሰልፎ ነበር። በ1939 ኳስ መምታት፣ ከዚያ ጫማ ማሰር እያቃተው መጣ፤ በሰኔ ማዮ ክሊኒክ በሽታውን ነገረው። ሐምሌ 4 ቀን በስታዲየሙ ተሰናበተ፤ በሰኔ 1941 በ37 ዓመቱ ሞተ። አሜሪካውያን በሽታውን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። የሕክምናው ዕውቀት ግን ሻርኮ ካቆሙበት ብዙም አልራቀም ነበር።

አጥሩን በዓይን ለማየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። በ1967 በሃርቫርድ ቶማስ ሪስና ሞሪስ ካርኖቭስኪ ከአንድ የሥር ተክል የሚገኝ ኤንዛይም በአይጦች ደም ውስጥ ወጉ። ይህ ኤንዛይም ኬሚካል ሲጨመርበት ይጠቁራል፤ ጥቁሩም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጎልቶ ይታያል። በአንጎል የደም ስሮች ውስጥ ጥቁሩ ከሴል ወደ ሴል መጋጠሚያ ትንሽ ይገባና ድንገት ይቆማል። የቆመበት ቦታ አጥሩ ነው። በሌላው አካል የደም ስርን ከውስጥ የሚለብጡት ሴሎች በመካከላቸው ክፍተት ሲኖራቸው በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ግን ጠርዝ ለጠርዝ ተጣብቀዋል። ጥብቅ መጋጠሚያ ይባላል። መጋጠሚያውን የሚሰፉት ፕሮቲኖች፣ ኦክሉዲንና ክላውዲን፣ በ1993 እና በ1998 ጃፓን ውስጥ በሾይቺሮ ጹኪታ ላቦራቶሪ ተገኙ። ከውጭ በኩል ደግሞ የሩዤ ፔሪሳይቶች ተጠምጥመዋል፤ ከነሱ ቀጥሎ አስትሮሳይት የሚባሉ ሴሎች እግራቸውን አሳርፈዋል። አጥሩ እንግዲህ ባለ ሦስት ድርብ ሠራተኛ ነው።

በ1980ዎቹ ሁለቱ ክሮች ሊነካኩ ደርሰው ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች ከኤ ኤል ኤስ ሕሙማን ጀርባ የቀዱት ፈሳሽ ውስጥ በአብዛኛው ከደም የሚመጡ ፕሮቲኖች፣ አልቡሚንና ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ከልክ በላይ ሆነው አገኙ። ሁሉም ሕሙማን ላይ አልነበረም፤ መጠኑም ትልቅ አልነበረም። አሁን ወደኋላ ሲታይ የአጥሩ ሽንቁር ምልክት ነበር፤ ያኔ ግን ውጤቱ በመጽሔት ገጽ ላይ ተኛ። ይህን ብዙ አልወቅስም። በዚያ ዘመን የተመራማሪው ዓይን በሙሉ ጂን ፍለጋ ላይ ነበር፤ ፍለጋውም ፍሬ ሊያፈራ ተቃርቦ ነበር።

በ1993 ሶድ1 የሚባለው ጂን በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ተበላሽቶ ኤ ኤል ኤስን እንደሚያመጣ ተረጋገጠ። ከሕሙማን መካከል በዘር የሚወርሱት 10 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከነሱም አምስት አንዱን የሚያህለው የዚህ ጂን ጉዳት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነበር። በዓመቱ በ1994 ማርክ ገርኒና ባልደረቦቹ የተበላሸውን የሰው ጂን የተሸከሙ አይጦች ፈጠሩ። አይጦቹ ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ፣ ያድጋሉ፣ ከዚያ የኋላ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይሰንፋል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታሉ። ሻርኮ የማይችሉት ነገር አሁን ተቻለ። ሻርኮ በማይክሮስኮፕ የሚያዩት የበሽታውን መጨረሻ ብቻ ነበር፤ አይጦቹ ግን ምልክት ከመውጣቱ በፊት ምን እየሆነ እንደነበር ሊያሳዩ ይችላሉ። በ1995 መጨረሻ የመጀመሪያው መድኃኒት ሪሉዞል አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በሙከራው ዕድሜን በጥቂት ወራት የሚያራዝም ነበር።

የደም ስር ጉዳይ ወደ መድረኩ የተመለሰው ግን ሳይታሰብ፣ በቤልጂየሟ ሉቨን ከተማ ነው። ፒተር ካርሜሊየትና ባልደረቦቹ የነርቭ ሰዎች አልነበሩም፤ ሥራቸው የደም ስር እንዴት እንደሚያድግ ማጥናት ነበር። የደም ስርን የሚያሳድገው ቪ ኢ ጂ ኤፍ የሚባል ፕሮቲን ኦክስጅን ሲያንስ በብዛት ይመረታል። ተመራማሪዎቹ ይህን የኦክስጅን እጥረት ምላሽ ብቻ ቆርጠው ያወጡባቸው አይጦች ፈጠሩ። የጠበቁት የደም ስር ችግር ነበር። አይጦቹ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ጡንቻቸው እየሟሸሸ መራመድ አቃታቸው፤ ህብለ ሰረሰራቸው ሲታይ የእንቅስቃሴ ነርቮች እየሞቱ ነበር። ውጤቱ በ2001 ሲታተም ብዙ ሰው ተገረመ። የደም ስርን ነክተው ኤ ኤል ኤስ የሚመስል በሽታ አገኙ። ፕሮቲኑ ነርቭንም በቀጥታ እንደሚጠብቅ በኋላ ታውቋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የደም እጥረት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የደም ስሩን አላየሁም ማለት አስቸጋሪ ሆነ።

በ2007 ፍሎሪዳ፣ ታምፓ። በሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ስቪትላና ጋርቡዞቫ ዴቪስና ባልደረቦቿ የሶድ1 አይጦችን ህብለ ሰረሰር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ነበር። የደም ስሩ ልባጭ ሴሎች ውስጣቸው አብጦና ፈርሶ፣ በዙሪያቸው ያሉት የአስትሮሳይት እግሮች ከቦታቸው ለቀው ታዩ። ከዚያ ወደ ኤርሊኽ ዘዴ ተመለሱ ማለት ይቻላል። ኢቫንስ ብሉ የሚባል ቀለም በአይጦቹ ደም ውስጥ ወጉ። ይህ ቀለም ደም ውስጥ ሲገባ ከአልቡሚን ጋር ይጣበቃል፤ አልቡሚን የሄደበት ይሄዳል፤ በልዩ ብርሃን ሲታይ ቀይ ሆኖ ያበራል። በጤነኛ አይጥ ቀዩ ብርሃን በደም ስሩ ውስጥ ተወስኖ ይታያል። በታመሙት ግን ከደም ስሩ ወጥቶ በነርቭ ሴሎቹ መሐል ተበትኖ ነበር፤ ምልክቱ ገና በጀመራቸው አይጦች ላይም ጭምር። በ1885 ኤርሊኽ ሳይቀልም የተመለከቱት ህብለ ሰረሰር እዚህ ቀልሞ ተገኘ።

ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነው። የቱ ቀደመ? ነርቭ ሞቶ ነው አጥሩ የፈረሰው፣ ወይስ አጥሩ ፈርሶ ነው ነርቭ የሞተው? በ2008 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የበሪስላቭ ዝሎኮቪች ቡድን ከዶን ክሊቭላንድ ጋር ሆኖ መልስ ይዞ መጣ። ሦስት ዓይነት የሶድ1 ጉዳት ያላቸው አይጦች ታዩ፤ በሦስቱም ኦክሉዲን፣ ክላውዲን 5 እና ሌላ አንድ የመጋጠሚያ ፕሮቲን ቀንሰው ተገኙ። ደም በጥቃቅን ቦታዎች ፈሷል፤ የደም ፍሰቱም ቀንሷል። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ የእንቅስቃሴ ነርቮቹ ሳይሞቱ በፊት ነው።

ደም በደም ስር ውስጥ ሕይወት ነው፤ ከደም ስር ወጥቶ ነርቭ ላይ ሲፈስስ ግን መርዝ ይሆናል። ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ ሄሞግሎቢን ይለቃል፤ ሄሞግሎቢን ሲፈርስ ብረት ይለቃል። ነጻ የሆነ ብረት ደግሞ የሴልን ሽፋንና ፕሮቲን የሚያቃጥሉ ሞለኪውሎች እንዲፈጠሩ ያግዛል። ከደም የሚመጡት ሌሎች ፕሮቲኖችም በነርቭ ዙሪያ ያሉትን የመከላከያ ሴሎች ያስቆጣሉ። ትልቁ የእንቅስቃሴ ነርቭ በባሕሪው ብዙ ኃይል የሚበላ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሜትር የሚያልፍ ክር ወደ እግር የሚዘረጋ ሴል ነው። በአንድ በኩል መርዝ ሲጨመርበት በሌላ በኩል የደም ፍሰት ሲቀንስበት እንዴት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

አይጥ ግን አይጥ ነው፤ በአይጥ የዳነ ኤ ኤል ኤስ በሰው ሳይድን የቀረበትን ጊዜ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። ስለዚህ ዓይን ሁሉ በበሽታው የሞቱ ሰዎች ለምርምር ወደ ሰጡት አካል ዞረ። በ2012 የታምፓው ቡድን በሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰርም የልባጭ ሴሎች ጉዳትና የአጥር መሸንቆር እንዳለ አሳወቀ። በ2013 የዝሎኮቪች ቡድን በአንገት በኩል ያለውን የህብለ ሰረሰር ክፍል ሲመረምር ከደም ስር ውጭ የተከማቸ ሄሞግሎቢን አገኘ፤ ፔሪሳይቶችም ከጤነኞቹ ጋር ሲነጻጸሩ ግማሽ ያህሉ ጠፍተው ነበር። የሩዤ ሴሎችና የሻርኮ በሽታ በአንድ ገጽ ላይ የተገናኙት ያኔ ነው።

በ2014 ያው ቡድን አንድ ደፋር ሙከራ አሳተመ። ለሶድ1 አይጦች ገና በጠዋቱ ዋርፋሪን ሰጣቸው፤ በአገራችን የልብ ቫልቭ የተቀየረላቸው ሕሙማን አሳምረው የሚያውቁትን ደም ማቅጠኛ። የአጥሩ መፍሰስ ሲባባስ የነርቭ ጉዳቱም ቀድሞ መጣ። በሌላ በኩል አጥሩን የሚያጠነክር የፕሮቲን ሲ ዓይነት ሲሰጣቸው፣ ወይም የፈሰሰውን ብረት የሚይዝ መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ የመጀመሪያው የነርቭ ጉዳት ዘገየ። (ዋርፋሪን የታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳያቆም፤ የተነገረው በጂን ስለታመሙ አይጦች ነው።) በዚያው ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ዓለም በራሱ ላይ በረዶ የተጨመረበት ውኃ እያፈሰሰ ለአሜሪካው የኤ ኤል ኤስ ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ።

እስካሁን የተተረከው አጥሩ እንደፈረሰ ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ቀጥተኛ ታሪክ ይሆን ነበር፤ ግን አላበቃም። በፊላደልፊያ የቶማስ ጀፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ዴቪዴ ትሮቲና ፒዬራ ፓሲኔሊ የሚመሩት ቡድን፣ በ2012 ተቃራኒ የሚመስል ነገር አገኙ። በአጥሩ ላይ የማያውቁትን ኬሚካል ይዘው ወደ ደም የሚመልሱ ፓምፖች አሉ። ዋነኛው ፒ ግላይኮፕሮቲን ይባላል። በሶድ1 አይጦችም በሕሙማንም ህብለ ሰረሰር ይህ ፓምፕ በሽታው እየገፋ ሲሄድ በዝቶ ተገኘ። በ2014 ፓምፑን የሚያግድ መድኃኒት ከሪሉዞል ጋር ለአይጦቹ ሲሰጥ ሪሉዞል ብቻውን ያላደረገውን አደረገ። አስቡት እንግዲህ። አጥሩ ደም ያሳልፋል፤ መድኃኒት ግን ይመልሳል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጭካኔው የበረታው ይሄኛው ነው።

በ2019 በታተመ ሙከራ፣ ቶሮንቶ በሚገኘው ሰኒብሩክ ሆስፒታል አራት የኤ ኤል ኤስ ሕሙማን አጥራቸው ሆን ተብሎ እንዲከፈት ፈቀዱ። በደማቸው ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ተወጉ፤ በራስ ቅላቸው ዙሪያ ከተደረደሩ ከአንድ ሺ በላይ መሣሪያዎች የሚወጣ የድምፅ ሞገድ እጅና እግርን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ ተነጣጠረ። አረፋዎቹ ሲርገበገቡ የመጋጠሚያዎቹ ጠርዝ ለጥቂት ሰዓታት ላላ። ለኤም አር አይ ምርመራ የተሰጠው ማሳያ ቀለም ወደ አንጎል ሲገባ ታየ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ አጥሩ ተመልሶ ተዘጋ። ሕክምና አልነበረም፤ ያለ ጉዳት መክፈት ይቻል እንደሆነ ለማየት ብቻ የተደረገ ሙከራ ነው። አንዱ ቡድን አጥሩን ለመድፈን ሲታገል ሌላው ለመክፈት ይታገላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የ2021ዱ ሁለት ጥናቶች ደግሞ ታሪኩን ወደ ሁለት ጎተቱት። ስዊድን ውስጥ የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች በደም ስር ዙሪያ የሚኖሩ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች በአይጦች ላይ ነርቭ ሳይጎዳ በፊት እንደሚለወጡ አሳዩ፤ እነዚህ ሴሎች የሚያመነጩት አንድ ፕሮቲንም በሕሙማን ደም ውስጥ ከፍ ሲል ዕድሜ እንደሚያጥር ተመለከቱ። ይህ የደም ስሩ ቀደመ የሚለውን ወገን ያጠነክራል። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ላይ ግን የሰው ህብለ ሰረሰር የመረመረ ሌላ ቡድን ደሙ በእርግጥ እንደሚፈስ አረጋገጠ፤ ነገር ግን የፈሰሰበት ቦታ ነርቭ ከሞተበት ቦታ ጋር አልተገጣጠመም። ቲ ዲ ፒ 43 የሚባለው፣ ከ2006 ጀምሮ የአብዛኞቹ ሕሙማን ነርቭ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚገኝ የታወቀው ፕሮቲን ካለበት ቦታ ጋርም አልገጠመም። መፍሰሱና የነርቭ ሞቱ በሰው ላይ እንደ ምክንያትና ውጤት አልተሰለፉም። እኔ የኦክላንዱን ጥናት እንደ ማፍረሻ አላየውም። አጥሩ ብቻውን ነርቭ ይገድላል የሚለውን ቀላል አባባል ግን ጥሩ አድርጎ ገስጾታል።

ሚያዝያ 25 ቀን 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቶፈርሰን የሚባለውን መድኃኒት በተፋጠነ መንገድ ፈቀደ። ሶድ1 ጂን የሚያመርተውን ፕሮቲን የሚቀንስ ነው። የሚጠቅመው ይህ ጂን ለተበላሸባቸው ብቻ ሲሆን እነሱም ከኤ ኤል ኤስ ሕሙማን ሁሉ 2 በመቶ ያህሉ ናቸው። መድኃኒቱ በክንድ የደም ስር ቢሰጥ አጥሩን አያልፍም፤ አጥሩ ተሸንቁሯል ተብሎ ይህን ያህል ከተጻፈበት በሽታ ጋርም ቢሆን አያልፍም። ስለዚህ ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛል፤ ከወገቡ አጥንቶች መሐል በመርፌ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይቀዳለታል፤ በምትኩ 15 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ቀስ ተብሎ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መርፌዎች በየ14 ቀኑ ናቸው፤ ከዚያ በየ28 ቀኑ ይቀጥላል። የአጥሩን ሽንቁር ለመድፈን ተብሎ ለኤ ኤል ኤስ ሕሙማን የተፈቀደ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም።